ሀ ሁ የወንዶች መብት

ቅዳሜ ጠዋት፣ ደብረ ማርቆስ፤ የእትዬ ዘርፌ የበርበሬና የሽሮ ሱቅ። የትምህርት ቤቱ ወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ እሷ ናትና ማኅተሙ መሳቢያዋ ውስጥ ነው፤ የወንዶች መብት ማኅበር ሰብሳቢው ሞላልኝ ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ ቆሟል።

ዘርፌ፦ አልመታም አልኩህ እኮ! በምን ቋንቋ ልንገርህ?

ሞላልኝ፦ ሳትሰሚው እትዬ? ርዕሰ መምህሩ ኮሚቴው ከተስማማ ሰኞ በሰንደቅ ዓላማ ሰዓት ገብታችሁ ለልጆቹ አስተምሩ ብሎናል። የቀረው ያንቺ ማኅተም ብቻ ነው።

ዘርፌ፦ ለስንተኛ ክፍል ነው?

ሞላልኝ፦ ከአንደኛ እስከ አራተኛ።

ዘርፌ፦ ንፍጡን መጥረግ ላልቻለ ልጅ!

ሞላልኝ፦ ገና በልጅነታቸው መብታቸውን ይወቁ ብለን ነው። እንዲቀላቸው በፊደል አዘጋጅተነዋል። ስሚማ፤ «ሀ፦ ሀገር ያቀናው ወንድ ነው።»

ዘርፌ፦ እኛ ተኝተን?

ሞላልኝ፦ አስጨርሺኝ። «ለ፦ ለወንድ የሚቆምለት ጠፋ።»

ዘርፌ፦ አውቶቡስ ውስጥ ነው? ወንበር ልቀቁለት ነው የምትሉት?

ሞላልኝ፦ ቀልዱን ተይውና! «ሐ፦ ሐዘኑን ውጦ ይኖራል፤ ወንድ ልጅ አያለቅስም ይሉታል።»

ዘርፌ፦ እሷ እንኳ እውነት አላት። አንተን አታልቅስ ያለህ ማን ነው?

ሞላልኝ፦ አባቴ ነዋ። ከዛፍ ወድቄ ክንዴ ተሰብሮ ሳለቅስ፣ ዝም በል ብሎ በጥፊ ጨመረልኝ።

ዘርፌ፦ እናትህስ?

ሞላልኝ፦ እሷማ ጓዳ አስገብታ፣ አይዞህ አልቅስ ልጄ፣ ይውጣልህ ትለኝ ነበር።

ዘርፌ፦ በጥፊ ያለህ አባትህ፣ ያባበለችህ እናትህ፤ ክሱ ግን በእኛ ላይ! ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ይሄን የአንደኛ ክፍል ልጅ ፊት ብታነበው በሳቅ ነው የሚፈርሰው።

ሞላልኝ፦ አንቺ ስላልተማርሽ ነው እንዲህ የምትይው።

ዘርፌ፦ እሱስ ልክ ነህ፣ ከሦስተኛ ክፍል ነው ያስወጡኝ። ወንድሜ ይማር ተብሎ። ቀጥል፣ መ ምን ትላለች?

ሞላልኝ፦ «መ፦ መብቱ ይከበር! አባት ልጁን ይይ!» እዚህ ላይ ልጆቹ ሦስት ጊዜ ያጨበጭባሉ።

ዘርፌ፦ አባት ልጁን ይይ።

ሞላልኝ፦ አዎ። ይሄንንም ልትቃወሚ ነው?

ዘርፌ፦ ምን በወጣኝ። ማን ነው ልጁን እንዳያይ የተከለከለው?

ሞላልኝ፦ ብዙ ነን! እኔን ውሰጂ። ፍርድ ቤት ልጄን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ፈቀደልኝ። እስረኛ ልጠይቅ ይመስል!

ዘርፌ፦ የትኛውን ቀን?

ሞላልኝ፦ ቅዳሜን።

ዘርፌ፦ የት ነው የምትረከባት?

ሞላልኝ፦ እዚሁ ነዋ፣ አንቺ ሱቅ። ከእናቷ ጋር ስለማንነጋገር ሽማግሌዎቹ ናቸው የወሰኑት… አንቺ ደግሞ የምታውቂውን ለምን ትጠይቂኛለሽ?

ዘርፌ፦ አንተ የምታውቀው አልመሰለኝማ። ዛሬ ምን ቀን ነው?

ሞላልኝ፦ ሥራ በዝቶብኝ ነው እኮ እትዬ። ማኅበሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ነው የሚሰበሰበው። ያለ እኔ አይጀመርም።

ዘርፌ፦ የዛሬው አጀንዳ ምንድን ነው?

ሞላልኝ፦ ምን ያደርግልሻል?

ዘርፌ፦ ምነው፣ ወንድ ልጅ አይናገርም ተባለ ደግሞ?

ሞላልኝ፦ አባቶች ልጆቻቸውን የማየት መብት።

ዘርፌ፦ ወይ ጉድ! ስምንት ቅዳሜ ሙሉ ያቺ ልጅህ ብሥራት እዚህች በርጩማ ላይ ናት። እግሯ መሬት አይደርስ፣ እያወዛወዘች መንገድ ታያለች። ባለፈው ሽሮ ልመዝን ስነሳ፣ «ሲመጣ እንዳያልፈኝ ከፊቴ ዞር በይልኝ» አለችኝ።

ሞላልኝ፦ እናቷ ናት በእኔ ላይ የምታነሳሳት!

ዘርፌ፦ እናቷማ አጥባ፣ አበጥራ ትልካታለች። አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም። የምትቀረው አንተ ነህ።

ሞላልኝ፦ እሺ በቃ፣ ማኅተሙን ምቺልኝና ንግግሬን ቶሎ ጨርሼ እመለሳለሁ።

ዘርፌ፦ የሰው ልጅ አሰልፎ ለማስጨብጨብ ጊዜ አለህ፤ ለገዛ ልጅህ ግን ሥራ በዛብህ። ያቻትልህ፣ ከወፍጮ ቤቱ ማዶ። ቢጫ ሹራብ የለበሰችው።

ሞላልኝ፦ እሷ ናት? አድጋለች…

ዘርፌ፦ ልጅ ናት ታዲያ፣ እንደ አጀንዳህ ለሳምንት ተላልፋ አትጠብቅህም።

ሞላልኝ፦ አሁን ምን ልበላት?

ዘርፌ፦ ወረቀትህን ከባንኮኒዬ ላይ አንሳ። ስልክህን አጥፋ። ከዚያ ትንሽ ሳል ሳል በል።

ሞላልኝ፦ ለምንድን ነው የምስለው? ጤነኛ ነኝ እኮ!

ዘርፌ፦ ስምንት ቅዳሜ «አባትሽ ታሟል» እያልኩ ሳስተኛህ ነው የከረምኩት። ደረሰች፤ ሳል!