ኖራ የተደፋበት ቆጮ

በደርግ ጊዜ ነው፤ አዋሳ ውስጥ ታክሲ ተሳፍሬ ወደ መናኸሪያ እሄዳለሁ። ከፊቴ አንዲት እናት በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ታቅፈዋል። አጠገባቸው የተቀመጠው ጎልማሳ ወሬ ጀመረ።

«እማማ፣ ምነው ከፋዎት?»

«የውሃ ሰዎች ለቧንቧ ብለው ግቢዬን ቆፈሩት፣ ልጄ።»

«ቆፍረው አይደፍኑትም?»

«ደፈኑት እንጂ! እንዲብላላ የቀበርኩትን ቆጮ አገኙና የሽንት ቤት ጉድጓድ ነው ብለው ኖራ ደፉበት።»

«ቆጮው ላይ?»

«የዓመት ቀለባችን ላይ።»

«ምግብ ነው አይሏቸውም ነበር?»

«ጮህኩ እኮ። አለቃቸው አገሩን አያውቅም፤ ‹እንዲህ የሚሸት ነገር ይበላል?› ብሎ ሳቀብኝ።»

«ለቀበሌ አላመለከቱም?»

«አመለከትኩ። ወረቀት አምጥተው ፈርሚ አሉኝ። ‹በግቢዬ የነበረው ቆሻሻ ስለተወገደልኝ አመሰግናለሁ› ይላል።»

«ማን አነበበልዎት?»

«ራሴ። ማንበብ ያስተማረኝ ይኸው ቀበሌ ነው፣ በመሠረተ ትምህርት። ምነው ባልተማርኩ!»

«ታዲያ ፈረሙ?»

«የቀበሌው ሊቀመንበር ‹ልማት ትቃወሚያለሽ?› ሲለኝ ምን ልበል? ፈረምኩ።»

«ውሃውስ ገባልዎት?»

«የት ገብቶ! ቧንቧው በግቢዬ አልፎ ነው የሚሄደው፤ ለእኔ አይደለም።»

«ይሄ የታቀፉትስ?»

«ኖራው ሳይነካት ከዳር የተረፈችው ናት፤ ለልጄ ልጆች ይዤላቸው ነው። ጠረኑ ከበዳችሁ መሰለኝ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ገና ስሳፈር አፍንጫዬን ይዤ የከፈትኩትን መስኮት ቀስ ብዬ ዘጋሁት።