ያልበሰለው ሸክላ

በ፲፱፻፸፱ ዓ.ም. በገና ሰሞን፣ አምቦ ገበያ ደርሼ ስመለስ ዱሬቲን መንገድ ላይ አገኘኋት። የጎረቤቴ የሸክላ ሠሪዋ የአዴ ሲንቄ የወንድም ልጅ ናት። አዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ፋኩልቲ እየተማረች ለእረፍት መምጣቷ ነበር። ባለቤቴን ጉዴን የኤሌክትሪክ ምድጃችን ነዝሯት እጇ ደንዝዞ እንደ ሰነበተ ነገርኳት። የምድጃውን ሽቦ የሚይዘውን ሸክላ የሠሩት አክስቷ መሆናቸውን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ።

«ጋሼ፣ አብረን እንሂድ» አለችኝ።

አዴ ሲንቄ ደጃፋቸው ላይ የአሮጌ ባትሪ እርሳስ ያቀልጡ ነበር። እርሳሱ ሲቀልጥ የሚተወውን አመድ ሲቀቡት ሸክላው በትንሽ እሳት ያብረቀርቃል፤ ገዢም የሚወደው ያንን ነው።

ዱሬቲ ጉልበታቸውን ስማ አጠገባቸው ተቀመጠች። «አዳዳ» አለች አክስቷን በኦሮምኛ ስትጠራ፤ «ሆድዎን የሚቆርጥዎ፣ እጅዎን የሚያንቀጠቅጥዎ ይህ ጢስ ይመስለኛል።»

«እርጅና ነው፣ ልጄ። ደግሞስ አንቺን ያስተማረሽ ይኸው እርሳስ አይደለም?»

«ስላስተማሩኝ ነው የምለምንዎት። ላዩ ቢያምርም ውስጡ አልበሰለም። ያልበሰለ ሸክላ ውሃ ይጠጣል፤ ውሃ የጠጣ ሸክላ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ጉዴን የነዘራት ይኸው ነው።»

አዴ ሲንቄ ወደ እኔ ዞሩ። ጉዴ መነዘሯን አልሰሙም ነበር፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«እሳት ባበዛ ይጣመምብኛል» አሉ ቀስ ብለው። «እንጨቱስ?»

«ልኩን አብረን እንፈልጋለን። የእሳቱን ዙሪያ በጭቃ ካጠርነው ሙቀቱ አይባክንም።»

እውቀት የሚሰምረው እንዲህ ከፍቅር ጋር ሲመጣ ነው። ሦስታችን አጥሩን ሠራን፤ እርሳስ ያልነካቸውን ሸክላዎች አስገብተን በየተራ አወጣን። ዱሬቲ በእያንዳንዱ ላይ የብዕር ቀለም ጠብ አደረገች። ቶሎ የወጣው ቀለሙን መጠጠው። መጨረሻ የወጣው ተጣሞ ነበር። በመካከል የወጣው ግን ቀጥ ያለ ነበር፣ ቀለሙም በጨርቅ ሲጠረግ ለቀቀ። አዴ ሲንቄ በጣታቸው ደጋግመው ዳሰሱት።

«አላብረቀረቀም» አሉ፤ «ግን ሰው አይጎዳም።»

በማግስቱ ያንኑ ሸክላ ይዘው ቤታችን መጡ። የጉዴን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ቆዩ። «ስትወለውዪው ግን መጀመሪያ ከኤሌክትሪኩ ንቀዪው» አሏት።

ከዚያ ወዲህ እርሳስ አላቀለጡም። እንጨት ጥቂት ጨመረባቸው፤ ገዢ የሚመልሰው ሸክላ ግን ጠፋ። ክረምት ሲገባ የሆዳቸው ቁርጠት ተዋቸው፣ የእጃቸውም መንቀጥቀጥ ቀነሰ። ለግንደበረትና ለጊንጪ ሸክላ ሠሪዎችም «እሳቱን እንጂ እርሳሱን አትመኑ» እያሉ ያስተምራሉ፤ ማን አስተማረዎት ሲሏቸው «ልጄ» ይላሉ።