የሁለት አገጭ ዝምድና

እጮኛዬን ጥርሱን አሞት ቤቴል ወዳለ አንድ ክሊኒክ አብረን ሄድን። ሐኪሟ አፉን አስከፍታ ስታየው ቆየችና "ፕሮግናተስ ነህ" አለችው። ስድብ መስሎት እኔን አየኝ። "የታችኛው መንጋጋ ወደ ፊት ሲወጣ በእንግሊዝኛ እንደዚያ ይባላል። ለመንጋጋውም ለሰውየውም ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ በዘር ነው" አለችና ዞር ስትል አገጬ ላይ ፈዛ ቀረች። "እህቱ ነሽ አይደል? እንዲያውም ያንቺ ይብሳል።"

ሰርጋችን ሊደርስ ነው እኮ። ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ሆነን ሰልፊ ስንነሳ እውነትም አገጫችን ቁርጥ አንድ ነው። ሳቅም ፍርሃትም ይዞኝ አባዬጋ ደወልኩ። የእጮኛዬ ዘሮች ሸዋ፣ የእኛ ጎጃም፤ አባዬ ግን ነገሩን ከምር ያዘውና የእጮኛዬን አባት ቤት ጠርቶ ዘር ሲቆጥሩ ዋሉ። እኛ በረንዳ ላይ ቆመን ጥፍራችንን እንበላለን።

በመጨረሻ አባዬ በሩን ከፈተ። "እስከ ሰባት ቤት ቆጥረን የትም አልተገናኘንም፤ ተጋቡ" አለ። ደስ ብሎን ልናቅፈው ስንል ሁለታችንንም በየተራ አየና "የልጅ ልጄ ግን ሲወለድ አገጩ ቀድሞ ነው የሚመጣው" አለን።