እዚህ ቤት ትንሽ የለም

ነይ ተቀመጪ እህት ዓለም፣ እዚች ጥግ ይሻለናል። ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? የኔ ዛሬ ደህና ነው፣ ደረጃው ላይ ሦስቴ ብቻ ነው የሰደበኝ። የወንበሩን ከፍታ ግን አየሽልኝ? እግሬ መሬት አልነካ ብሎ በስተርጅና እንደ ሕፃን ተንጠለጠልኩ። ይሁን፣ ጊዜ አለን። ውል የሚያዋውሉት ሰዎች ከምሳ በኋላ ነው የሚገቡት አሉ። ለምስክርነት ብዬ ከቤትሽ ጎትቼ ያመጣሁሽ ጎረቤቴ፣ ቡና እንኳ ሳትጠጪ ትፈርሚያለሽ እንዴ?

የልጄ ሚስት ሰልፍ ላይ ናት፣ ይቺው ከኋላሽ። ጆሮዋ ውስጥ ያንን ነጭ ነገር ሰክታለች፣ አትሰማም። ብትሰማስ ምን ክፉ ወጣን? ስለ ቡና ነው የምናወራው።

ባለፈው ሳምንት ብቻዬን መጥቼ ነበር። እዚህ አይደለም፣ ከቤታችን ማዶ ባለው ቅርንጫፋቸው። ያው ነው፣ በየመንገዱ ከፍተዋል፣ አንዱን ከአንዱ አትለይውም። «ትንሽ ቡና በወተት ስጪኝ» አልኳት ካሸሯን። «እማማ፣ እኛ ጋ ትንሽ የለም» አለችኝ። ታዲያ ምን አላችሁ? «መካከለኛ፣ ትልቅ፣ እጅግ ትልቅ።» ጉድ ነው! ከመካከል የሚጀምር ቤት አይቼ አላውቅም። እንግዲህ ጥጋብ ነው ብዬ፣ «በይ መካከለኛውን» አልኩ።

መጣልሽ… ሦስቴ ፉት ብዬ የወረቀት ኩባያውን ታች ደረስኩበት።

ተመልሼ ሄድኩና ሦስቱን ኩባያ አስደረደርኳት። ሠላሳ ዓመት ልብስ የሰፋ ሰው በልኬት ይቀልዳል? «ልጄ፣ ከበታቹ ሌላ ከሌለ፣ ይኼ የምን መካከል ነው?» አልኳት። ግራ ቀኟን አየችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «እማማ፣ ትንሹ እሱው ነው፤ እንዲያ ብላችሁ እንዳትጠሩት ተብለናል። እኔም ስቀጠር ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል» አለችኝ። እውነት ተናጋሪ ልጅ። እድገት አታገኝም መሰለኝ።

እና እዚያው እንደቆምኩ፣ ነገር ነገርን ያነሳዋል፣ አንዲት የማውቃት አማት ትዝ አለችኝ። አይ፣ አታውቂያትም። የልጇ ሚስት እንዴት ያለች ጨዋ ናት መሰለሽ! «እማዬ፣ የርስዎን ቤት ወደ ስማችን ያዙሩልንና በኛ አዲስ ቤት አብረን እንኑር፤ ለርስዎ መካከለኛውን ክፍል አስበናል» አለቻት። አሮጊቷ በደስታ ልትበር! ትንሹን ሊሰጡኝ ይችሉ ነበር እኮ፣ አከበሩኝ ብላ። የምን መካከል ብላ አልጠየቀችም። ልብስ ሰፊ ሆና! የመርፌ ቀዳዳ ዐይታ ክር የምታስገባ ሴት፣ ክፍል ሳታይ እሺ ትላለች?

ታዲያ ያን ዕለት ቡናዋን… ማለቴ ሰዎቹ ሥራ ላይ ሳሉ፣ ቁልፍ ተውሳ አዲሱን ቤት ልታይ ሄደች። ሜትሬን አንገቴ ላይ… ሜትሯን አንገቷ ላይ አድርጋ። የክፍሉ ወርድ ሁለት ሜትር ከአሥር። አልጋዋ ሲገባ በሩ እስከ ግማሹ ነው የሚከፈተው፣ ሰው በጎን ነው የሚገባው። መስኮት? ምን ያደርግልሻል መስኮት፣ ብርድ ያስገባል ብለው ይሆናል። ሰው አሳቢ ሲሆን እስከዚህ ነው! ቀሚስ ቢሆን ከብብቱ ሥር ለቀቅ ይደረጋል። ግድግዳን በምን ትለቂዋለሽ?

ትልቁ ክፍል የልጃቸው አሻንጉሊት ነው። እጅግ ትልቁ የባልና ሚስት። ከአሮጊቷ ቀጥሎ ያለው የጫማ ማስቀመጫ ነው፣ እሱ እንኳ መብራት ተገጥሞለታል። እንግዲህ ሰው አንማ፣ አልዋሸችም እኮ! በአሻንጉሊቱና በጫማው መካከል ነው።

«በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፣ በራሷ አሳጠረች» ይባል የለ? የዘንድሮዋ በቅሎ ብልህ ናት፣ የምታሳጥረው የሌላውን ነው።

ባልየውማ ምን ይበል? ዝም አይነቅዝም። በልጅነቱ ብርድ እንዳይመታው ብላ በገዛ ካፖርቷ ገበር ጃኬት የሰፋችለት ልጅ ነው… ይሞቀዋል፣ ስለዚህ አይናገርም።

ምነው አየሽኝ? የልጄን ሚስት ማለቴ እንዳይመስልሽ! ኧረ ወዲያ! የኔዋማ… እስቲ ተመልከቻት፣ እንዴት ትዕግሥት አላት። ሦስት ወር ሙሉ ስለዚያ ውል ሳትሰለች ስታስታውሰኝ። የልደት ቀኔን ብትረሳም ቀጠሮውን አንድ ቀን ረስታ አታውቅም። ሰው ሁሉን ነገር ሊያስታውስ አይችልም።

ለሴትዮዋ ግን አዘንኩላት። አንቺ ታውቂዋለሽ ያንን የኛን ሳሎን፣ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዬ ያለችበትን። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ክሩ ላይ ስታርፍ። ባሌ የሞተው እዚያ ነው፣ ልጄ ቆሞ የሄደው እዚያ ነው። እና በጎን ልግባ? ከፋኝ እህቴ። ከፋኝ ብዬሻለሁ፣ ሴትዮዋ እያልኩ ምን ያደክመኛል።

እሱን ተይው። ቅድም ታክሲ ውስጥ ቦርሳዬን ብበረብር፣ ምን ብዬ ልንገርሽ… መታወቂያዬ የለም! ባለፈው ማክሰኞ መነጽሬን ረሳሁና ሳልፈርም ተመለስን፣ ዛሬ ደግሞ መታወቂያ። እርጅና ክፉ ነው። ለሦስተኛው ቀጠሮ ምን እንደምረሳ እንጃ፣ ምናልባት መምጣቱን እረሳ ይሆናል። የቤቱ ካርታማ የት እንዳለ በደንብ አስታውሳለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ… ወረቀቱ እኔ ጋ ነው። ሞኟን አብረን እንፈልጋት።

አንቺማ ደክመሽ መጣሽ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ከዚህ ወደኔ ቤት እንሄዳለን፣ ከመስኮቱ ሥር ሁለት ሰፊ ወንበር አለ፣ እግርሽም መሬት ይነካል።

መጣች መጣች። አየሽ ደግነት! ለራሷ እጅግ ትልቁን፣ ለኛ ሁለት መካከለኛ፤ ሳንጠይቃት ልካችንን አወቀችው። ምነው ልጄ ፊትሽ ቀላ? ከሙቀቱ ነው። ነይ፣ ተቀመጪ፣ እስቲ በመካከላችን። ልመርቅሽ እንኳን፤ ለኔ ያሰብሽውን ማን ያስባል? ፈጣሪ ዘርሽን ይባርክ። ያ ዓይንሽ የሆነው አንድ ልጅሽ ይደግልሽ፣ ይማርልሽ፣ ለወግ ለማዕረግ ይብቃልሽ። አንቺም ፀጉርሽ ሸብቶ፣ በልጅሽ ቤት እንድትጦሪ… ቁርጥ አንቺን የመሰለች ሚስት ያምጣልሽ።

አሜን በይ እንጂ የኔ ልጅ!