ጋሽ ሙዘይን የሚረጩት ውሃ

ስሙኝማ፣ እኔ ከጎረቤቴ ከልብስ ሰፊው ከጋሽ ሙዘይን ጋር ስንት ዓመት የተነጫነጭኩት በውሃ ነው። ሐዋሳ ገበያ ውስጥ ነጠላ እሸጣለሁ። እሳቸው ጠዋት ሱቃቸውን ሲከፍቱ ደጃቸው ላይ በጆግ ውሃ ይረጫሉ። የራሳቸውን ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት፣ የእኔንም ጭምር እንጂ! ጫማዬ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ስገባ፣ «ጋሼ፣ የራስዎ ደጅ አይበቃዎትም?» እላቸዋለሁ። «ይደርቃል፣ ልጄ» ብለው ፈገግ ይሉና ወደ ስፌታቸው ይመለሳሉ።

በቅርቡ ታመው አረፉ። ለቅሶ ደርሼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ከሳምንት በኋላ አቧራ የለበሱ ነጠላዎቼን ሳራግፍ፣ ልጃቸው የስፌት መኪናውን ልትወስድ መጣች። ቆም ብላ አየችኝ።

«አቧራው አስቸገረዎት አይደል፣ እትዬ? አባቴ ታሞ ተኝቶ እንኳ የሚያስበው ይሄንን ነበር። ‹የእሷ ዕቃ ነጭ ነው፣ አሁን ማን ውሃ ይረጭላታል› ይል ነበር ስለ እርስዎ።»

አንድ ቀን እንኳ ለምን እንደሚረጩ ጠይቄያቸው አላውቅም።

በማግስቱ ጆግ ይዤ ወጣሁ። የእኔን ደጅ ረጨሁ፣ ከዚያ የተዘጋውን የእሳቸውንም። ጫማዬ ጨቀየ። «ይደርቃል፣ ልጄ» የሚለኝ ግን የለም።