የሻምበል ጾም

(አዲስ አበባ፣ ጉለሌ፣ በሁዳዴ ጾም አንድ ረፋድ፤ አከራይዋ እትዬ ትርንጎ የተኘከ ጫማ ይዘው ተከራያቸው ግዛቸው ቤት ደጃፍ ላይ ቆመዋል፤ ውሻው ሻምበል አልጋ ሥር ተሸሽጓል።)

ትርንጎ፦ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ! ዛሬ ከዚህ ግቢ ይወጣል አልኩህ፣ ይወጣል!

ግዛቸው፦ እትዬ ትርንጎ፣ እስቲ መጀመሪያ ይስሙኝ...

ትርንጎ፦ ምኑን ነው የምሰማህ? ይኸው ጫማው! የንስሐ አባቴ የአባ ወልደ ጻድቅ ጫማ! ቤቴን ሊባርኩ መጥተው፣ ደጅ አውልቀው ገቡ፤ ሲወጡ ግራው የለም። በእኔ ሮዝ ነጠላ ጫማ ሰፈሩን አቋርጠው ሄዱ እኮ!

ግዛቸው፦ አየኋቸው። ልካቸው ነበር ደግሞ።

ትርንጎ፦ ትስቃለህ?

ግዛቸው፦ ኧረ አልሳቅኩም! ማርያምን!

ትርንጎ፦ ጭልፋዬን ወሰደ፣ ዝም አልኩ። የትራሴን ልብስ ወሰደ፣ ዝም አልኩ።

ግዛቸው፦ ዝም እንኳ አላሉም። መጥረጊያ ይዘው ግቢውን ሲያዞሩት ነው የዋሉት።

ትርንጎ፦ ታዲያ ልሸልመው ኖሯል?

ግዛቸው፦ እሱ እኮ ጨዋታ ነው የሚመስለው። እርስዎ በሮጡ ቁጥር ጭራውን እየቆላ ይሮጣል። በነጋታው ሌላ ዕቃ ይዞ ከች ይላል፣ አጫውቱኝ ብሎ። ሳያባርሩት አንድ አጥንት ቢያሳዩት ኖሮ ጭልፋውን እዚያው ጥሎልዎት ይመጣ ነበር።

ትርንጎ፦ አጥንት? በሁዳዴ? በእኔ ግቢ?

ግዛቸው፦ ችግሩ ይኸው ነው! ውሻ ሽሮ በልቶ...

ትርንጎ፦ ሽሮ ምን አለው? እኔስ የምበላው ሌላ ነው እንዴ?

ግዛቸው፦ እትዬ፣ ሻምበል ክርስትና አልተነሣም። ከቅበላ ወዲህ ሥጋ የሚባል አልቀመሰም። የአባ ጫማ ቆዳ ነው። ጭልፋዎ ደግሞ ቅቤ ቅቤ ይላል። የሸተተውን ነው የሚወስደው።

ትርንጎ፦ የምን ቅቤ? የከረመ ነው! በደንብ ሳይታጠብ ቀርቶ ነው!

ግዛቸው፦ እሺ፣ የከረመ ነው። እኔ የምለው፣ ጁነዲን ሥጋ ቤት ሄጄ አጥንት ላምጣና ልቀቅልለት። ለቆሻሻውም ክዳን ያለው በርሜል እገዛለሁ፣ ላዩ ላይ ድንጋይ እጭንበታለሁ። ጫማም ሁላችንም ወደ ውስጥ እናስገባ። ሆዱ ከሞላ፣ ደጅም የሚያነሣው ነገር ካጣ፣ ምን ሊሰርቅ ነው?

ትርንጎ፦ አጥንት ተቀቅሎ ሽታው አጥር ሲዘልማ ዘርፌ ምን ትላለች? ጎረቤት አለኝ እኮ!

ግዛቸው፦ የውሻ ነው ይሏታላ።

ትርንጎ፦ ታምናለች! ጫማውስ ይሁን፣ ዛሬ ጠዋት የሠራውን መች ሰማህ? ቆሻሻውን ዘርግፎ የውጭ በር ላይ በትኖታል። ዘርፌ ከኪዳን ስትመለስ የእንቁላል ቅርፊት ረግጣ ቀጥ አለች። የእንቁላል ቅርፊት! በጾም! በእኔ ደጅ!

ግዛቸው፦ ምን አለች?

ትርንጎ፦ ምን ትላለች? «ወይ ጉድ!» ብላ አማተበች። እስካሁን ሰንበቴው በሙሉ ሰምቷል።

ግዛቸው፦ እርስዎስ ምን አሏት?

ትርንጎ፦ እኔማ... ያው...

ግዛቸው፦ እትዬ?

ትርንጎ፦ የተከራዬ ነው አልኳት።

ግዛቸው፦ የእኔ?!

ትርንጎ፦ ታዲያ በዚህ ግቢ ከአንተና ከእኔ ሌላ ማን አለ? ወጣት ነህ፣ ማንም አይደንቀውም።

ግዛቸው፦ እኔ እንቁላል ቢኖረኝ ለሻምበል አልሰጠውም ነበር?

ትርንጎ፦ እንግዲህ ቅርፊቱ ከሰማይ አልወረደም።

ግዛቸው፦ አልወረደም። እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፣ እንዳይቆጡ። ጠዋት ጠዋት መዝሙር ይከፍታሉ አይደል?

ትርንጎ፦ እከፍታለሁ። ምነው፣ እሱም ረበሸህ?

ግዛቸው፦ ኧረ በጭራሽ። ግን መዝሙሩ ድንገት ከፍ ሲል ሻምበል ከተኛበት ተነሥቶ መስኮትዎ ሥር ሄዶ ቁጭ ይላል። ለሐጩን ያዝረበርባል።

ትርንጎ፦ መዝሙር ይወዳል ማለት ነው።

ግዛቸው፦ መዝሙር ሰምቶ ለሐጩን የሚያዝረበርብ ውሻ አላየሁም። መጥበሻው ሲንጫጫ እኮ እዚህ ድረስ ይሰማል።

ትርንጎ፦ ቀስ በል፣ አንተ! ሰው ይሰማሃል!

ግዛቸው፦ ማንም የለም።

ትርንጎ፦ ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?

ግዛቸው፦ ጾሙ ከገባ ጀምሮ።

ትርንጎ፦ ለማን ተናገርክ?

ግዛቸው፦ ምን ብዬ እናገራለሁ? ሆዱ የእርስዎ።

ትርንጎ፦ ሐኪሙ ነው። «ደምዎ አንሷል፣ ካልበሉ ይወድቃሉ» አለኝ። ማርያምን እውነቴን ነው!

ግዛቸው፦ ታዲያ ይህ ምን ያሳፍራል? ለአባ ቢነግሯቸው ይፈቅዱልዎታል እኮ። የታመመ ሰው...

ትርንጎ፦ ሌላው ሰው አዎ! በዚህ ሰፈር ጾም ሲባል የሚጠራው የእኔ ስም ነው። ዘርፌ ልጆቿን «ትርንጎን እዩ» እያለች ነው ያሳደገቻቸው። ውሻ እንኳ ታስጾማለች እየተባለ ይወራልኛል! አፈርኩ፣ ግዛቸው። በጣም ነው ያፈርኩት።

ግዛቸው፦ ለካ ሻምበል ሽሮ የሚበላው ለእርስዎ ስም ነው!

ትርንጎ፦ እና ምን ላድርግ?

ግዛቸው፦ እንስማማ። የእንቁላሉን ነገር እኔ እሸከማለሁ፣ ሻምበል ግቢው ውስጥ ይቆያል።

ትርንጎ፦ ለአባም ትነግራቸዋለህ? ጫማቸውን ሊወስዱ አሁን ይመጣሉ። ዘርፌ ደግሞ ሳትነግራቸው አትቀርም።

ግዛቸው፦ እነግራቸዋለሁ። ስንት ስንት ነው የበላሁት?

ትርንጎ፦ ሁለት ሁለት።

ግዛቸው፦ በየቀኑ?

ትርንጎ፦ እሑድ ሦስት።

ግዛቸው፦ በዘይት ነው የጠበስኩት?

ትርንጎ፦ እ...

ግዛቸው፦ እትዬ፣ በዘይት ነው?

ትርንጎ፦ በቅቤ።

ግዛቸው፦ እትዬ ትርንጎ! ቅቤውንም ሐኪሙ ነው ያዘዘው?

ትርንጎ፦ በዘይት አልዋጥልሽ ሲለኝስ!

ግዛቸው፦ አይ ሻምበል፣ ወንድሜን! በዚህ ሁሉ ሽታ መሐል ሽሮ ይዞ ተቀምጧል። ይሁን እሺ። አባ ምን ይሉኛል?

ትርንጎ፦ ቁጡ ናቸው። ስግደት ያዙሃል፣ ብዙ።

ግዛቸው፦ በዚህ ጉልበቴ? እሺ፣ እሰግዳለኋ።

ትርንጎ፦ ለውሻ ብለህ?

ግዛቸው፦ ለሻምበል ብዬ። ከሥራ ስገባ ዘሎ የሚቀበለኝ ሌላ ማን አለ? እሱ ከሄደ ይህ ቤት ምን ይሆነኛል?

ትርንጎ፦ እንደሱ አትበል እንጂ፣ ሆዴን አታባባው።

ግዛቸው፦ በሩ ተንኳኳ። አባ ናቸው። በሉ ልክፈትላቸው። «አባ ይፍቱኝ፣ እንቁላሉን የበላሁት እኔ ነኝ» ነው አይደል የምላቸው?

ትርንጎ፦ ተመለስ! ባልበላኸው እንቁላል አትሰግድም። እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ፣ ቅቤውንም ጭምር። አንተ ለሻምበል አጥንቱን አምጣና እዚሁ ደጁ ላይ ቀቅልለት፣ ዘርፌም ትየው!