ደረጃ ላይ የተበላ አይቆጠርም

ልጆቼ፣ ስለ አንዲት ትንሽ ልጅና ስለ አያቷ ላውጋችሁ። በትምህርት ብዙዎቻችሁ ትበልጡኛላችሁ፤ እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት የስፌት መኪና ሥር ነው። ይህን ግን በዓይኔ አይቼዋለሁና፣ ልጅ የምታሳድጉ ሁሉ ብትሰሙኝ አትጎዱም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከገበያ ስመለስ፣ የሕንፃችንን ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ አጠረኝና ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ብረቱን ይዤ ቆምኩ። ቀና ስል ጋሽ ጋጋሪ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። አርባ ዓመት ዳቦ ሲጋግሩ ኖረው፣ ጉልበታቸው አልታዘዝ ሲላቸው ጡረታ የወጡ ጎረቤቴ ናቸው፤ በዋና ስማቸው የሚጠራቸው ሰው የለም። ከጎናቸው የልጃቸው ልጅ ድንቡሼ አለች። ሰባት ዓመቷ ነው። ድንቡሼ የተባለችው ሕፃን ሳለች ከሰውነቷ ሁሉ ጉንጯ ቀድሞ ይታይ ስለነበር ነው፤ አሁን ስሙ ብቻ ቀርቶላት ክንዷ እንደ እርሳስ ቀጥኗል።

አፏ ሙሉ ነበር። እኔን ስታይ ማኘኳን አቆመች።

አያቷ ኮታቸው ላይ የወደቀውን ፍርፋሪ እያራገፉ፣ «እትዬ፣ እርስዎ ምንም አላዩም» አሉኝ።

«ምን እንዳላየሁ ይንገሩኛ፣ እንድረሳው።»

«ብስኩት ነው። እኔው የጋገርኩት። እናቷ ከልክላታለች።»

ድንቡሼ ዋጥ አደረገችና፣ «ደረጃ ላይ የተበላ አይቆጠርም። የእማዬ ሕግ ከበሩ ወዲያ ነው» አለችኝ። ይህን የደረጃ ሕግ ማን እንዳወጣው መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ግን ልጅቷ እያወራችኝ የክርኗን እጥፋት ታክ ነበርና ቀዩን፣ የተላጠውን ቆዳ ሳይ ተውኩት። የድንቡሼን ችግር ሕንፃው ሁሉ ያውቀዋል። ከዓመት በላይ ቆዳዋ ይቀላል፣ ይሰነጠቃል፤ ሆዷን ይቆርጣታል፤ እንቅልፍ የላትም። ትምህርት ቤት በሰልፍ ጊዜ እጇን የሚይዝ ልጅ ጠፍቶ የምትይዛት መምህርቷ ናት። ሐኪም ዘንድ ቀርባ፣ ምናልባት የማይስማማት ምግብ ይኖራል ተብሎ፣ ለጥቂት ሳምንታት ወተትና የወተት ውጤት ሁሉ እንዲቆምላት ታዝዟል።

«ታዲያ ጋሼ፣ የታዘዘውን ለምን ያፈርሳሉ?» አልኳቸው።

«ይህቺ ልጅ ከሳችብኛ! ሰው ልጁ ሲከሳ ምግብ ይጨምራል እንጂ ይቀንሳል? እኛ ያገኘነውን በልተን አይደለም ያደግነው? ዛሬ ተማርን ባዮች ለልጅ ወተት ይከለክላሉ። ጥጃ እንኳ የማይከለከለውን!»

«እናቷ ፋርማሲስት ናት እኮ።»

«ስለ ክኒን እሷን እጠይቃለሁ፤ ስለሚበላ ነገር እኔን ትጠይቀኝ።»

ይህን እንዳሉ በሩ ተከፈተ። እናቲቱ ከሥራ መልስ ነጭ ጋዋኗን ገና አላወለቀችም። ብስኩቱን አላየችም። «እትዬ፣ ደረጃ ላይ ምን ያቆምዎታል? ይግቡ እንጂ» ብላ ዘንቢሌን ተቀበለችኝ። ተከታትለን ገባን። ድንቡሼ በእጇ ጀርባ አፏን እየጠረገች መጨረሻ ገባች።

ማቀዝቀዣው በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። ቀኑ፣ ልጅቷ የበላችው፣ ቆዳዋ እንዴት እንደዋለ፣ ስንት ጊዜ እንደነቃች፣ አንድ በአንድ ተጽፏል።

«ይህን ያህል ትጽፊያለሽ?» አልኳት።

«እጽፋለሁ፤ ግን ምን ዋጋ አለው፣ እትዬ?» አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ሦስት ሳምንት ሙሉ በዚህ በር ወተት አልገባም። ይኸው ቅንጣት ለውጥ የለም። ነገ ቀጠሯችን ነው። ወተት አይደለም ማለት ነው፤ እንቁላልና ስንዴም እናቁምላት ብዬ ልነግራቸው ነው።»

ጋሽ ጋጋሪ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። «ስንዴ? ስንዴ ነው ያልሽው?»

«አባባ፣ እርስዎን ለመንካት አይደለም።»

«ስንዴ ነክተሽ እኔን የት ትተሽኝ! ምን ልትበላ ነው ታዲያ? ሩዝና ውሃ? ይቺን የቀረች ሥጋዋንም ልታወልቂላት ነው?»

«እኔስ ወድጄ ነው? ስታክ አብሬያት የምነቃው እኔ አይደለሁም?» ድምጿ ተሰበረ። «ምኗን እንደሚያምማት ሳላውቅ እስከ መቼ ቅባት ስቀባ እኖራለሁ?»

«እንግዲያ ሁሉንም ከልክያትና ተገላገይ!»

እኔ መሐል ልገባ አፌን ስከፍት፣ እናቲቱ እንባዋን ዋጥ አድርጋ በጨዋ አንደበት፣ «አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሊጡ ኩፍ አልል ሲልዎት ምን ያደርጉ ነበር?» አለቻቸው።

ሽማግሌው ስለ ሊጥ ሲጠየቁ ቁጣቸው እንደሚበርድ ታውቃለች። ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«መጀመሪያ እርሾውን እጠረጥራለሁ። እሱን ብቻ እለውጣለሁ፤ ዱቄቱን፣ ውሃውን፣ ጨዉን እንዳለ እተወዋለሁ። እምቢ ካለ እርሾውን ወደነበረበት መልሼ ዱቄቱን እለውጣለሁ። ሁሉን ባንድ ቀን የለወጠ ሰው ዳቦው ቢያምርለትም የቱ እንደበጀው አያውቀውም።»

«እኛም የያዝነው ይህንኑ ነው። አንዱን ማቆም፣ ማየት፣ መልሶ መስጠት፣ እንደገና ማየት። ክልከላ አይደለም፤ ፍለጋ ነው።»

«ፍለጋ መሆኑንማ ማን ነገረኝ?» ብለው ጥቂት ካሰቡ በኋላ ቀጠሉ። «አንድ ክረምት ዳቦዬ ሳምንት ሙሉ እንደ ድንጋይ ሆነብኝ። ዱቄት ነጋዴውን ሰደብኩት፤ ምድጃውን አስፈረስኩ። ለካስ ጨው ነበር። ነፍሷን ይማርና እናትሽ ረስቶታል ብላ ትጨምራለች፣ እኔም እጨምራለሁ። ሁለታችን ሳንነጋገር...»

እጃቸው ፍርፋሪ ወደነበረበት ኮታቸው ሄደ።

ድንቡሼ አያቷን አየቻቸው። እኔም አየኋቸው። ጆሯቸው ቀላ። የገዛ ቃላቸው ተመልሶ እንደያዛቸው ገባኝ።

«ልጄ» አሉ በቀጭን ድምፅ። «ወተት ገብቷል።»

«የት ገብቷል?»

«እዚህ ቤት አይደለም። ደረጃው ላይ። በየቀኑ ሁለት ብስኩት እሰጣታለሁ። ወተትም ቅቤም አለበት።»

እናቲቱ ወደ ወረቀቱ ዞራ ሦስት ሳምንት የጻፈችውን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«አባባ፣ በእርስዎ ብስኩት የተነሳ እንቁላሏንና ዳቦዋን ልነጥቃት ነበር እኮ! የማያምማትን ሁሉ ልወስድባት ነበር!»

«ስለምወዳት ነው የሰጠኋት።»

«እርስዎ እንደሚወዷትማ አውቃለሁ። ግን ፍቅርዎን ደረጃ ላይ አይደብቁት፤ ከእኔ ጋር ሆነው ይውደዷት።»

እኔም እውነቱን ለመናገር አፈርኩ። «ምንም አላዩም» ሲሉኝ በቀልድ ያለፍኳቸው እኔ ነኝ። «እኔም አለሁበት፣ ልጄ» አልኳት። «ሌላ ጊዜ ደረጃ ላይ ብስኩት ባይ እጮሃለሁ።» ድንቡሼ ሳቀች፤ እናቷ ግን ገና አልሳቀችም።

ጋሽ ጋጋሪ ድንገት፣ «ቆይ፣ የምትበላው ዳቦ ከየት ነው?» አሉ።

«ታች ካለው ዳቦ ቤት፣ እርስዎ ይሠሩበት ከነበረው። ለስላሳውን ትወደዋለች።»

«ለስላሳውን?» ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። «እሱ እንዲለሰልስ የወተት ዱቄት ይገባበታል እኮ! ላዩ የሚያብረቀርቀውም ወተት ተቀብቶ ነው። ሃያ ዓመት በብሩሽ የቀባሁት እኔ ነኝ።»

«ዳቦው ላይ አልተጻፈም!»

«የዳቦ ቤት ዳቦ ላይ ማን ይጽፋል? እኔን አትጠይቂኝም?»

«ብጠይቅዎ ይቆጡ ነበር።»

«እቆጣ ነበር» አሉ። «ግን እነግርሽ ነበር።»

ያን ጊዜ ነው አባትና ልጅ አብረው የሳቁት። ልጆቼ፣ አስተውሉ፤ አንደኛዋ የፍለጋውን መንገድ ታውቃለች፣ ሌላው ወተት የሚደበቅበትን ያውቃል፤ ሳይነጋገሩ በመኖራቸው ልጅቷ በመሐላቸው ትከሳ ነበር።

በማግስቱ ክሊኒክ ሲሄዱ ጋሽ ጋጋሪ እኔንም «ካፈርኩ አብረን እንፈር» ብለው ወሰዱኝ። የአመጋገብ ባለሙያዋ ወጣት ሴት ናት። የሆነውን ሁሉ ሲነግሯት አልተቆጣችም፤ «ብዙ ቤት እንዲህ ነው። የነገሩን ግን እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት» አለቻቸው። ከዚያ ፍለጋው ከአንድ ተጀመረ። የሚቆመው ወተት ብቻ ሆነ፤ እንቁላሉም ስንዴውም ይቀጥላል። የሚያድግ ልጅ ያለ ምክንያት ገበታው አይጠብም አለች። የወተቱን ጥቅም እንዳታጣም ሰሊጥ፣ ጎመንና ለአጥንት የሚሆን ማዕድን የተጨመረበት የአኩሪ አተር መጠጥ አዘዘችላት።

«ከአራት ሳምንት በኋላ ወተቱን በጥቂቱ እንመልሳለን» ስትል ጋሽ ጋጋሪ እንደገና ተሟገቱ።

«ከተሻላትማ ለምን ይመለሳል?»

«በሌላ ምክንያት ተሽሏት ቢሆንስ? አየሩ ተለውጦ፣ ቅባቱ ሠርቶ? መልሰን ካላየን ወተትን ያለ ጥፋቱ ዕድሜ ልኩን እንፈርድበታለን። ስንመልስ ግን እዚሁ ነው የምንጀምረው፤ በራሳችሁ አትሞክሩት። ከንፈሯ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠራት ደግሞ ማንንም ሳትጠይቁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።»

ሽማግሌው ይህን ሦስት ጊዜ አስደገሟት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የድንቡሼን ዳቦ አያቷ በውሃና በዘይት ይጋግሩ ጀመር። የመጀመሪያው ደረቀ፤ ሁለተኛው ፈረሰ፤ ሦስተኛውን እኔም በላሁት። ወረቀቱ ላይም የሁለት ሰው የእጅ ጽሑፍ ይታይ ጀመር፤ የአንዱ ፊደል እንደ ሊጥ የተድቦለቦለ ነው። በሁለተኛው ሳምንት «አንድ ጊዜ ብቻ ነቃች» ተባለ። በአራተኛው የክርኗ ቆዳ ከሌላው ገላዋ አልለይ አለ።

ወተቱ ሲመለስ ክሊኒኩ ውስጥ በማንኪያ የሰጧት አያቷ ናቸው። ያን ቀን ምንም አልሆነችም። እንደታዘዘው ቤት ውስጥ ቀስ በቀስ ተጨመረላት፤ በአራተኛው ቀን ማታ ማከክ ጀመረች፤ ሆዷንም ቆረጣት። በበነጋው ጠዋት ጋሽ ጋጋሪ በሬን አንኳኩ።

«እትዬ፣ ወተቱ ነው» አሉኝ።

«አዘኑ?»

«አዝኜስ ነበር። ግን ዓመት ሙሉ የቀረበላትን ሁሉ ስንፈራ ኖረን፣ አሁን የምንፈራው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ሌላውን ሁሉ በደስታ ትበላለች። ባለሙያዋም ብዙ ልጅ ሲያድግ ይተወዋል፣ በየጊዜው እንሞክራለን ብላለች።»

እንግዲህ ልጆቼ፣ ያየሁት ይህ ነው። ልጃችሁ በምግብ የተነሳ እንደምትታመም ብትጠረጥሩ በግምት ገበታዋን አታራቁቱ፤ ሐኪም አማክሩ፤ አንዱን አቁሙ፣ ጻፉ፣ በሐኪም ምክር መልሱ። የሕመም ምልክት በጠፋ ጊዜ እንኳ መልሶ ማየትን አትፍሩ። እናንተ አያቶች ደግሞ፣ ያልገባችሁን ትእዛዝ ጠይቁ፤ በስውር አታፍርሱት። እናንተም የተማራችሁ ልጆች፣ ሽማግሌውን ከመከልከላችሁ በፊት ምክንያቱን ንገሩት፤ እናንተ የማታውቁትን ያውቅ ይሆናል።

ባለፈው ሳምንት ድንቡሼ የትምህርት ቤት ቀሚሷን በፌስታል ይዛ ብቻዋን መጣችና፣ «እትዬ፣ ወገቡ ጠበበኝ፤ ያስፉልኝ» አለችኝ። መነጽሬን አደረግሁና ግራና ቀኙን ተርትሬ ሁለት ሁለት ጣት ለቀቅሁላት። ትንሽ ትርፍም ትቼበታለሁ፤ ገና አሰፋዋለሁና።